በሰባተኛው ምዕራፍ የገባችው ዓረፍተ ነገር

ከሥራ ክፍሌ ቀጥሎ፣ በስስ የእንጨት ግድግዳ ተለይቶ፣ የድርጅታችን የእርማት ክፍል ይገኛል። በውስጡ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ መስኮት አለ። መስኮቱ የሚመለከተው የጎማ መጠገኛ ጓሮ በመሆኑ ሙቀቱ ካልጠና በቀር አይከፈትም። የምናሳትመው መጽሐፍ ሁሉ፣ ወፍራምም ይሁን ቀጭን፣ ወደ ማተሚያ መኪናው ከመሄዱ በፊት በዚህ ክፍል ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንባቢዋ የደራሲውን ረቂቅ ይዘው ያነባሉ፤ አራሚው የተተየበውን ቅጂ ዘርግተው፣ መስመሩን በማስመሪያ እየተከተሉ፣ የጎደለውን ይጨምራሉ፣ የተደገመውን ይሰርዛሉ።

አንባቢዋን ሁላችንም «እትዬ አዋጅ» እንላቸዋለን፤ ድምፃቸው ማጉያ አያሻውም። አራሚው «ጋሼ ሰረዝ» ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ ሲስቁ እንኳ የማይጎብጡ ሰው። አብረው ሲሠሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የእትዬ አዋጅ ሴት ልጅና የጋሼ ሰረዝ ወንድ ልጅ፣ ወላጆቻቸውን ሲጠብቁ በዚሁ ክፍል ደጃፍ ተዋውቀው በመጋባታቸው፣ ሁለቱ አማቶችም ናቸው።

የአነባበቡ ሥርዓት ከእነሱ በፊት የነበረ ነው። አራት ነጥብ ሲደርስ እትዬ አዋጅ በቀለበታቸው ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ይመታሉ። ለነጠላ ሰረዝ ምላሳቸውን ጠቅ ያደርጋሉ። አዲስ አንቀጽ ሲጀመር ወለሉን በእግራቸው ይረግጣሉ። በኮሪደሩ የሚያልፍ እንግዳ መጽሐፍ እየተነበበ ነው ብሎ አይገምትም፤ ፈረስ ደረጃ እየወረደ ይመስለዋል። አንባቢ በመሀል የራሱን ሐሳብ መናገር ቢያምረው በቅድሚያ «ከጽሑፉ ውጭ» ማለት አለበት፤ ሲጨርስም «ወደ ጽሑፉ» ይላል። በእነዚህ ሁለት አጥሮች መካከል የተነገረውን አራሚው አይጽፍም። ከእነሱ ውጭ የተነገረው ሁሉ ጽሑፍ ነው።

እትዬ አዋጅ አጥሮቹን በየገጹ ነበር የሚያቆሟቸው። «ከጽሑፉ ውጭ፤ ይህ ሰውዬ ሚስቱን በስም የሚጠራት መቼ ነው? ሁለት መቶ ገጽ ሙሉ ‹እሷ› ብቻ! ወደ ጽሑፉ።» ወይም፣ «ከጽሑፉ ውጭ፤ ጋሼ፣ የድሮ ንጉሦችህ እዚህም መጡልህ፣ ደስ ይበልህ። ወደ ጽሑፉ።» በወጣትነታቸው ሰልፍ የመሩ ሴት ናቸው። ጋሼ ሰረዝ በበኩላቸው ዓለም የተበላሸችው ሰው ባርኔጣ ማውለቅ ከተወ ወዲህ ነው ብለው ያምናሉ። ይሟገታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይቀጥላሉ።

ይህ ክፍል እንዲዘጋ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ወደ ድርጅቱ የመጣሁት የዩኒቨርሲቲ ጥናቴን እንደጨረስኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ የሰው ልጅ ለምን እንደሚያምፅ ይመረምር ነበር፤ ታላላቅ ሐሳቦች ሰውን ያንቀሳቅሳሉ ወይስ ሰው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ሐሳብ ይፈልጋል የሚል ነበር ጥያቄው፤ መልሱን በጥንቃቄ ለወደፊት ተመራማሪዎች ትቼዋለሁ። ለሥራ አስኪያጁ በጻፍኩት ማስታወሻ ግን እንዲህ ያለ ትሕትና አልነበረም። እያንዳንዱ አራሚ ለብቻው፣ በዝምታ፣ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን እያየ እንዲሠራ ጠየቅሁ። አራት ምክንያት ዘረዘርኩ፤ ፍጥነት፣ ጥራት፣ ዘመናዊነት፣ የሠራተኛው ነፃነት። አምስተኛውን አልጻፍኩትም፤ በግድግዳው በኩል የሚመጣው ሳቃቸው ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ በባዶ ክፍል የሰው ረቂቅ በዝምታ አነባለሁ፤ ከወዲያ ሁለት ሰዎች በሥራቸው ይደሰታሉ። ይህ በማስታወሻ ላይ አይጻፍም።

ውጤቱ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር። ጋሼ ሰረዝ ወደ ሌላው ሕንፃ ይዛወራሉ። እትዬ አዋጅ ግን በድምፃቸው እንጂ በእርማት ብዕር ሠርተው ስለማያውቁ ውላቸው አይታደስም። ሥራ አስኪያጁ የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ ነበር፤ ማስታወሻውን አንብቦ «ሸጋ ነው፣ የፕሮፌሰሩ መጽሐፍ እንደወጣ እፈርማለሁ» አለኝ።

የፕሮፌሰሩ መጽሐፍ ስለ አብዮት መንሥኤዎች ነበር። ሰባት መቶ ገጽ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ድካም። ሰባተኛው ምዕራፍ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለተነሣው የሥራ ማቆም አድማ ይተርካል። መጽሐፉ በእርማት ክፍል አለፈ፤ የመጨረሻውን ቅጂ እኔ አንብቤ ፈረምኩ። በገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ስላስደሰተችኝ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ውብ» ብዬ እንደጻፍኩባት አስታውሳለሁ። ከዚያ ታተመ። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ለፕሮፌሰሩና ለጥቂት ወዳጆቻቸው ተላኩ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጽሐፉን ይዞ ክፍሌ ገባ።

«ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት» አለኝ፣ እንደምን አደርሽ እንኳ ሳይለኝ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት፦ «በዚያ ማለዳ ሠራተኞቹ ሥራ ያቆሙት ለረጅም ዘመን ሲብላላ የኖረው የመደብ ንቃት በመብሰሉ ነው። እኛ ሥራ ያቆምነው ስለ መደብ ሰምተን አይደለም፤ አዲሱ ኃላፊ ጨርቅ ስናጥፍ እንዳንዘፍን ስለከለከለን ነው፤ ስለ መደብ የሰማነው ከሳምንት በኋላ ነው።»

«ሁለተኛዋን ማን ጻፋት?»

«ፕሮፌሰሩ ናቸዋ» አልኩ።

«ፕሮፌሰሩ ጨርቅ አጥፈው ያውቃሉ?»

ረቂቁን ከመደርደሪያ አወረድኩ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር አለች፤ ሁለተኛዋ የለችም። በተተየበው ቅጂ ኅዳግ ላይ ግን፣ በጋሼ ሰረዝ ቀጭን የእጅ ጽሕፈት፣ «የተዘለለ፤ ይግባ» ከሚል ምልክት ጋር በሙሉዋ ሰፍራለች።

«ደውለውልኝ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሐሙስ በአራት ሰዓት ረቂቁን ሊያዩ ይመጣሉ።»

«ተቆጥተዋል?»

«በምን አውቃለሁ? ‹አስገራሚ ነው› አሉኝ። ፕሮፌሰር ሲቆጣም ሲያመሰግንም የሚለው ያንኑ ነው። ለማንኛውም ማስታወሻሽን በዚያው ቀን፣ እሳቸው ፊት እፈርማለሁ። ችግሩም ይታወቃል፣ መፍትሔውም ይታያል፣ እኛም ከጉድ እንወጣለን።»

አብረን ወደ እርማት ክፍል ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲናገር እትዬ አዋጅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ወይኔ ጉዴ! ‹ከጽሑፉ ውጭ› አላልኩም?»

«አላልሽም» አሉ ጋሼ ሰረዝ፣ ማስመሪያቸውን እያስተካከሉ።

«ስጨርስስ? ጠረጴዛውን መታሁ?»

«መታሽ። አንዴ። ጥርት አድርገሽ።»

«ታዲያ አትነግረኝም አንተ ሰውዬ?»

«በንባብ ላይ አራሚ አይናገርም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትነዘንዘኝ ኖረህ ያን ቀን አፍህ ተለጎመ?»

«የምነዘንዝሽ በዕረፍት ሰዓት ነው» አሉ ጋሼ ሰረዝ በክብር።

ሥራ አስኪያጁ መቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ግን ከየትኛቸው እንደሚጀምር ስላላወቀ ሐሙስ ሁለታቸውም እንዲገኙ አዝዞ ወጣ። እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ለራሴም አልገባኝም ነበር።

«እትዬ፣ እውነት ነው? እዚያ ነበሩ?»

«የት ልሆን ኖሯል ልጄ? አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የማጠፊያ ክፍል ሠላሳ ሁለት ሴቶች ነበርን። ጨርቅ ከማሽን ይመጣል፤ ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። ያለ ዘፈን እጅሽና የጓደኛሽ እጅ አይገጥምም፤ ጨርቁ ይጣመማል። እናቶቻችንም እየዘፈኑ ነበር ያጠፉት። ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣ። ወረቀት ለጠፈብን፦ ‹በሥራ ሰዓት መዝፈን ክልክል ነው።› አንድ ቀን ዝም ብለን አጠፍን። በማግስቱ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ጨርቁ ሲከመር፣ ሲከመር፣ ማሽኖቹ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቆሙ። በሳምንቱ መነጽር ያደረጉ ተማሪዎች መጥተው ያደረግነው ነገር ምን እንደሚባል ነገሩን። ደስ አለን፤ ስም ያለው ነገር መሆኑን አናውቅም ነበርና።»

«ኃላፊው ክፉ ሰው ነበር?»

«ኧረ ምን በወጣው! ትሑት ልጅ፣ የተማረ። ክፍሉ ከእኛ ቀጥሎ ነበርና ሥራ አላሠራ ብለነው ይሆናል።»

ጋሼ ሰረዝ ቀና ብለው አዩኝና ወዲያው ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ፊቴ እንደ ምድጃ ጋለ። ደኅና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።

ያን ሳምንት በክፍሌ ተቀምጬ የመመረቂያ ጽሑፌን አወጣሁት። በመቶ ሠላሳ ገጹ ውስጥ በግድግዳ ስለሚለያዩ ሁለት ክፍሎች የሚናገር አንድም መስመር አላገኘሁም። ስለ ጭቆና አለ፤ ስለ ትውልድ ቅብብሎሽ አለ፤ በጥብቅ ሥርዓት የተደረደሩ የግርጌ ማስታወሻዎች አሉ። ሠላሳ ሁለት ሴቶች የእናቶቻቸውን ልማድ እንዳይነጠቁ ብለው የአገሩን ትልቅ ፋብሪካ እንዳቆሙ ቢነገረኝ ኖሮ፣ ይህ አብዮት ነው ወይስ ልማድ ጥበቃ ብዬ ለመወሰን ሁለት ተጨማሪ ዓመት ይፈጅብኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ጋሼ ሰረዝን በኮሪደሩ የውሃ ማሰሮ አጠገብ አገኘኋቸው። ብርጭቋቸውን እስኪሞሉ ጠበቅሁ።

«ጋሼ፣ ዓረፍተ ነገሯ የፕሮፌሰሩ እንዳልሆነች አላወቁም?»

«አወቅሁ እንጂ።»

«ታዲያ?»

ውሃውን ጠጡ፣ ብርጭቆውን አለቀለቁ፣ ደፉት። «አየሽ፣ እኔ አድማ አልወድም። ያን ጊዜ እዚያ ብኖር ኃላፊውን ነበር የምደግፈው። ነገር ግን ያንን ታሪክ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አሥር ጊዜ ነግራኛለች፤ አሥሩንም ጊዜ ‹ከጽሑፉ ውጭ› ብላ። በየመጽሐፉ ስለዚያ አድማ የማያውቅ ሰው ሲጽፍ እያነበበች፣ የምታውቀውን እያጠረች። ያን ቀን ረሳችው። ሥርዓቱ ጻፍ አለኝ። እኔ የሥርዓት ሰው ነኝ፤ ጻፍኩ።» ከዚያም ጨመሩ፦ «ደስም ብሎኛል። ይህን ለማንም እንዳትናገሪ፣ ስሜ ይበላሻል።»

ሐሙስ በአራት ሰዓት ፕሮፌሰሩ መጡ። አጭር፣ ፈጣን፣ የቦርሳቸው ዚፕ የማይዘጋላቸው ሰው ናቸው። በእርማት ክፍል ለአምስት ሰው ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበረ ከክፍሌ ወንበሬን አመጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ማስታወሻዬንና ብዕሩን በእጁ እንደያዘ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ፕሮፌሰሩ ቀደሙት።

«ቶሎ ልናገርና እፎይ ልበል። ገጽ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር አሳብዳኛለች። መጽሐፉን የላክሁለት የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ወዳጄ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፎልኛል። በሰባት መቶ ገጽ ውስጥ ፕሮፌሰሩ ‹እኛ› ያሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ይህም የተጠና የትረካ ስልት ነው፣ ታሪክ ጸሐፊው ድንገት ራሱን አራቁቶ በሠራተኛዋ አፍ ይናገራል፣ ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ከመጽሐፉ ያሰመረችው እሷን ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ከጻፍኩት ምንም አስምራ አታውቅም! እኔ ግን ዓረፍተ ነገሯን መቼ እንደጻፍኩ፣ ከማን እንደሰማሁ አላስታውስም። ማስታወሻዎቼን ሦስት ቀን በረበርኩ። ምንጯን ካላገኘሁ እብድ መሆኔ ነው። ረቂቁን አሳዩኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተው። ፊቱ ላይ ትልቅ ብርሃን ወጣ።

«የማን ልትሆን፣ የእርስዎ ናት እንጂ!» አለ። «ታላላቅ ጸሐፊዎች ምርጡን ሳያስታውሱት ነው የሚጽፉት። አይደለም እንዴ ምሁሯ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ በዐይኑም ዝም በይ አለኝ።

ቀላል ነበር። ዝም ብል ፕሮፌሰሩ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፤ ስሕተትም አልተሠራም ማለት ነው፤ ምናልባት ክፍሉም ለጊዜው ይተርፍ ነበር። እያመዛዘንኩ ሳለ፣ ማመዛዘን የማያውቁት ተናገሩ።

«የእርስዎ አይደለችም ወንድሜ» አሉ እትዬ አዋጅ። «የእኔ ናት። ሳነብልዎ ተናድጄ ተናገርኳት፤ ይሄ ደግሞ ጻፋት።»

ፕሮፌሰሩ ተራ በተራ አዩን። ስለ ሥርዓቱ፣ ስለ ሁለቱ አጥሮች፣ ስለ ቀለበቱ አስረዳኋቸው። ቀስ በቀስ ጆሮአቸው ቀላ።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይህች ዓረፍተ ነገር እውነት ከሆነች ሰባተኛው ምዕራፍ ፈረሰ። ሠላሳ ስድስት ገጽ! በአንድ ምስክር ቃል ሠላሳ ስድስት ገጽ አይፈርስም።»

«ልክ ነው» አሉ ጋሼ ሰረዝ። «በምዕራፉ ስንት ምስክር አለ?»

«ሦስት ሰነድ ጠቅሻለሁ።»

«አንደኛው?»

«የፋብሪካው ኃላፊ ሪፖርት።»

«ሁለተኛው?»

«የሚኒስቴሩ ሪፖርት። ከኃላፊው ሪፖርት የተወሰደ ነው።» ፕሮፌሰሩ እየተናገሩ ድምፃቸው ዝግ አለ። «ሦስተኛው ከዓመት በኋላ የተማሪዎቹ ማኅበር ያወጣው መግለጫ ነው።»

«መነጽር ያደረጉት» አሉ እትዬ አዋጅ።

ፕሮፌሰሩ ሳይወዱ በግድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ከእነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ» አሉ።

እትዬ አዋጅ የሳቁት ሳቅ ከጓሮው የጎማ ጠጋኞቹን ቀና አደረጋቸው። «አንተ ነህ እንዴ! ያ በርጩማ ላይ ቆሞ ሲናገር የወደቀው?»

«በርጩማው ነው የተሰበረው» አሉ ፕሮፌሰሩ። ያን ጊዜ ግን እሳቸውም እየሳቁ ነበር። «ስለ መደብ ንቃት ማን የነገራችሁ መሰላችሁ? እኔ ነኝ የነገርኳችሁ። እናንተም አጨበጨባችሁ። ቤቴ ገብቼ ‹ሠራተኞቹ በመደብ ንቃት ተነሥተዋል› ብዬ ጻፍኩ። እናንተን አልጠየቅሁም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ መልሱን አውቀው ነበር።» ቦርሳቸውን ከፍተው ማስታወሻ ደብተር አወጡ። «እውነቱን ልንገራችሁ? የሄድኩትም ለመደብ ብዬ አልነበረም። በቤት ውስጥ የሚናገረው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር፤ እኔን የሚሰማ ሰው ፈልጌ ነው።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሥራ አስኪያጅ» አልኩ፣ «ያን ማስታወሻ መልስልኝ።»

«ለምን?»

«ከአራቱ ምክንያቶች አንዱም የእኔ አልነበረም። እነሱ ሲስቁ ቀናሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሲሰጠኝ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን ነበር የሚመለከተው። እትዬ አዋጅ አልተገረሙም፤ ጉልበቴን መታ አደረጉኝና «እንዴ፣ ከቀናሽ ወዲህ ነይ፣ ማን ከለከለሽ!» አሉኝ።

«አንድ ነገር ግን ቀርቷል» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ሥልጣኑን ለመሰብሰብ እየሞከረ። «መጽሐፉ ተሳስቷል። ምን እናድርገው?»

«መጽሐፉማ ተሳስቷል» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ «ያልተሳሳተችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ለገበያ እንዳታወጡት። ሰባተኛውን ምዕራፍ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ በየሳምንቱ ሐሙስ እየመጣሁ፣ ከእኚህ ሴት እየጠየቅሁ። የጻፍኩትን ገጽ እሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ውሸት ካገኙ ይናገራሉ፤ እኚህ ሰው ይጽፋሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሆኑ መጽሐፌን ወደ ሌላ አሳታሚ እወስደዋለሁ።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጅ ይሆን?»

«የመጀመሪያው ምዕራፍ ሦስት ዓመት ነው የፈጀብኝ።»

ሥራ አስኪያጁ አሰበ፤ ከዚያ የእትዬ አዋጅን ውል ለማደስ የሚሞላውን ቅጽ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ቅጹን ይዤ ስመለስ ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌአቸውን ሰብስበው፣ መጻፍ ጀምረው ነበር። ጋሼ ሰረዝ የቆረጡላቸውን ወረቀት በማስመሪያ ይዘውላቸዋል።

«እሺ፣ እናንተ ሠላሳ ሁለታችሁ ስለ ዘፈኑ ብላችሁ ተቀመጣችሁ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ወንዶቹ ማሽነኞችስ? ጨርቁ ቢከመርም ለሌላ ሁለት ቀን መሥራት ይችሉ ነበር። በአንድነት መንፈስ ነው የተከተሏችሁ አይደል?»

እትዬ አዋጅ የራስ መሸፈኛቸውን አስተካከሉ። በሕይወቴ ሲያፍሩ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሌሎቹን አላውቅም» አሉ። «የመጀመሪያውን ማሽን ያጠፋው ግን ባለቤቴ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ አልነበረም። ማሽኑን አጥፍቶ መጥቶ ‹እናንተ ካልዘፈናችሁ ምኑን ሰምቼ ልሥራ› አለኝ።»

ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አነሡ፣ ጥቂት አመነቱ፣ ጋሼ ሰረዝን ቀና ብለው አዩ።

«ይጻፉት እንጂ» አሉ ጋሼ ሰረዝ።